«ሊዘንብ ይችላል»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንላለን? ከደሴ ጉም እስከ ኮምቦልቻ ፀሐይ

ሐምሌ ላይ ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ጦሳ ተራራ የለም፤ ጉሙ ውጦታል። እዚያው እንደቆማችሁ አጠገባችሁ ያሉትን ሰዎች «ዛሬ ይዘንባል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «ይዘንባል» ብሎ ይቆርጣል። ሌላው «ሳይዘንብ አይቀርም» ይላል። ሦስተኛው «ሊዘንብ ይችላል»፣ ጥንቁቁ «እንጃ፣ ይዘንብ ይሆናል»፣ ጃንጥላውን ቤት ረስቶ የወጣው ደግሞ «ላይዘንብም ይችላል እኮ» ይላችኋል። አምስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰማይ ነው። የእርግጠኝነታቸው መጠን ግን ይለያያል፤ ሰሚውም ልዩነቱን ሳያስብበት ይረዳዋል።

አሁን ያንኑ ጥያቄ ለማታ ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ አቀርባለሁ እንበል። ከአምስቱ መልሶች አብዛኞቹ «ኢት ካን ሬይን» ሆነው ይመጡልኛል። አማርኛው መሰላል ነበር፤ እንግሊዝኛው አንድ ደረጃ ብቻ ቀረው።

ስህተቱን የማውቀው ከተማሪዎቼ አይደለም፤ ከራሴ ነው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል ለመጣ የውጭ አገር ሰው አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን «ዕቃውን ከደሴ የሚያመጣው ሾፌር መቼ ይደርሳል?» አለኝ። በልቤ «ሦስት ሰዓት ላይ ሊመጣ ይችላል» አልኩ። ሦስቱን ወደ ዘጠኝ መለወጥ አልረሳሁም፤ በዚያ ኮርቼ «ሂ ካን ካም አት ናይን» አልኩት። ሰውየው የሰማው «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምጣት ይችላል፤ አይቸግረውም» የሚል ቃል ነው። ሠራተኞቹን አሰልፎ ጠበቀ። ሾፌሩ የደረሰው ለምሳ ስንበተን ነበር። «ይችላል ብለኸኝ አልነበረም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዬዋለሁ። ለማለት የፈለግሁት ግን «ሂ ማይት ካም» ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሞዳል የሚባሉትን ረዳት ግሶች የማስተምረው ከእንግሊዝኛው ሕግ ተነስቼ አይደለም፤ ከአማርኛው ግስ ጅራት እጀምራለሁ። እዚህ እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍኩት ጆሯችሁ እንዲይዘው ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በራሱ ፊደል ጻፉት። ስትጽፉ «ማይት» መካከሉ ላይ የማይነበቡ ሁለት ፊደላት፣ ጂና ኤች፣ እንዳሉት፣ «ኩድ» ውስጥም የማይነበብ ኤል እንዳለ አትርሱ። ብዙ ሰው ያን ኤል በግድ ያነበዋል።

መጀመሪያ፦ የአማርኛውን ጅራት ተመልከቱ

ማለት የፈለጋችሁትን በአማርኛ ጨርሳችሁ በሉት፤ ከዚያ «ይችላል» ከሚለው ቃል በፊት ያለውን ግስ እዩ። በ«መ» የሚጀምር ነው ወይስ በ«ሊ»?

«መኪና መንዳት ይችላል» ስንል ስለ ችሎታው እየተናገርን ነው፤ ተምሯል፣ ያውቅበታል። ይህ «ሂ ካን ድራይቭ» ነው። «ዛሬ መኪናውን እሱ ሊነዳ ይችላል» ስንል ግን ስለ ችሎታው ግድ የለንም። ምናልባት ዛሬ መሪውን የሚይዘው እሱ ይሆናል ማለታችን ነው። ይህ «ሂ ማይት ድራይቭ ቱደይ» ነው። በደምሳሳው፣ በ«መ» ከጀመረ «ካን»፣ በ«ሊ»፣ በ«ልት» ወይም በ«ል» ከጀመረ «ማይት» ብላችሁ ተነሱ።

ደምሳሳ ሕግ ግን ደምሳሳ ነው፤ በ«ሊ» የሚጀምር ሁሉ «ማይት» አይሆንም። ለዚህ ሁለት ቃላት በኪሳችሁ ያዙ፤ አንዱ «ምናልባት»፣ ሌላው «አንዳንድ ጊዜ»። ዓረፍተ ነገራችሁ መጀመሪያ ላይ ተራ በተራ ሰክታችሁ የትኛው እንደሚስማማ ስሙ።

«ነገ ሊበርድ ይችላል።» «ምናልባት ነገ ሊበርድ ይችላል» ይሄዳል። «አንዳንድ ጊዜ ነገ ሊበርድ ይችላል» ግን ትርጉም የለውም። ስለዚህ «ኢት ማይት ቢ ኮልድ ቱሞሮው»።

«ደሴ በጥቅምት ሊበርድ ይችላል።» እዚህ «አንዳንድ ጊዜ» በደንብ ይገባል። የምንናገረው ስለ አንድ ቀን አይደለም፤ ስለ ከተማዋ ጠባይ ነው። ስለዚህ «ዴሲ ካን ቢ ኮልድ ኢን ኦክቶበር» ትክክል ነው። «ካን» አጠቃላይ ጠባይን፣ የሚያጋጥም ነገርን ይናገራል። ስለ አንድ የተወሰነ ነገር፣ ስለ ዛሬ ከሰዓት ወይም ስለዚያ ሾፌር ሲሆን ግን አይሠራም። እንግዲህ «ኢት ካን ሬይን» ራሱ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። የበልግ ዝናብ አንዳንዴ መጋቢት ላይ ይጥላል ለማለት «ኢት ካን ሬይን ኢን ማርች» ብትሉ ማንም አያርማችሁም። ስህተቱ ጉሙን እያዩ ስለ ዛሬ ሲሉት ነው።

ቀጥሎ፦ ዓረፍተ ነገሩን ግጠሙ

ይህ ክፍል ቀላል ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። አማርኛ «ሊመጣ፣ ልትመጣ፣ ልመጣ፣ ሊመጡ» እያለ በሰውና በቁጥር ይገለባበጣል። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ሰነፍ ነው። «አይ ማይት ካም»፣ «ሺ ማይት ካም»፣ «ዜይ ማይት ካም»፤ ምንም አይለወጥም። ከሞዳሉ ቀጥሎ ግሱ ራቁቱን ይገባል። መጨረሻው ላይ «ስ» አይጨመርም፣ በፊቱም «ቱ» አይገባም። «ሂ ማይት ካምስ» እና «ሂ ማይት ቱ ካም» ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ደጋግሞ የሚያሰናክለው ሌላ ነው። «ታማ ይሆናል» በአማርኛ ግስ ነው፤ መታመም። በእንግሊዝኛ ግን «ሲክ» ቅጽል እንጂ ግስ ስላልሆነ «ሺ ማይት ሲክ» ማለት አይቻልም፤ «ቢ» ያስፈልገዋል፤ «ሺ ማይት ቢ ሲክ»። ደክሞት ይሆናል፣ ርቦት ይሆናል፣ ተናዶ ይሆናል፤ እነዚህ ሁሉ «ማይት ቢ»ን ይፈልጋሉ። ድርጊቱ አሁን እየተካሄደ ከሆነም እንዲሁ ነው። «ተኝቶ ይሆናል» ስትሉ አሁን እንቅልፍ ላይ ነው ማለታችሁ ከሆነ «ሂ ማይት ቢ ስሊፒንግ»።

ሁለት ሞዳል ደግሞ ጎን ለጎን አይቆሙም። «መምጣት ይችል ይሆናል» የሚለውን ቃል በቃል «ሂ ማይት ካን ካም» አትበሉ። ሁለተኛውን ቀይራችሁ «ሂ ማይት ቢ ኤብል ቱ ካም» በሉ። ይህ ሐረግ ረጅም ቢመስልም በቃል ያዙት፤ ቀጠሮ ስትይዙ በየቀኑ ያስፈልጋችኋል።

«ሜይ»፣ «ማይት» ወይስ «ኩድ»?

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈ ክፍል አላጋጠመኝም። አንዳንድ መምህራን «ሜይ ሃምሳ በመቶ፣ ማይት ሠላሳ በመቶ» እያሉ በቁጥር ያስተምራሉ። አትመኑት። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በልባቸው ሚዛን ይዘው አይናገሩም። «ማይት» ከ«ሜይ» ትንሽ የላላ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ስትናገሩ «ማይት»ን ያዙ።

ምክንያት አለኝ። «ሜይ» ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ይሆናል ማለት ነው፤ ሌላው ፈቃድ መስጠት። እንግዳችሁን «ዩ ሜይ ጎ ቱ ሃይክ ቱሞሮው» ብትሉት ነገ ወደ ሐይቅ ትሄዱ ይሆናል ያላችሁት ወይስ እንዲሄድ የፈቀዳችሁለት አለቃው ናችሁ? አይታወቅም። «ማይት» ስትሉ ይህ ጥርጣሬ አይነሳም። «ሜይ»ን የምታገኙት በብዛት በጽሑፍ ላይ ነው፤ በማስታወቂያ፣ በደብዳቤ፣ በመድኃኒት መግለጫ። የመድኃኒት ወረቀት ላይ «ሜይ ኮዝ ድራውዚነስ» የሚል ካያችሁ እንቅልፍ ሊያስይዝ ይችላል ማለት ነው። እንቅልፍ ማምጣት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም፤ አንድ ተማሪዬ ግን ከልቡ እንዲያ ተርጉሞታል።

«ኩድ» ደግሞ ከብዙዎቹ አማራጮች አንዱ ይህ ነው ሲባል ደስ ይላል። «ዘ ኪይ ኩድ ቢ ኢን ዩር ጃኬት»፤ ቁልፉ ጃኬትህ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ቦታ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች «ማይት» እና «ኩድ» የኃላፊ ጊዜ ናቸው ብለው በትምህርት ቤት ስለያዙ ስለ ነገ ለመጠቀም ይፈራሉ። አትፍሩ። «ኢት ኩድ ሬይን ቱሞሮው» ፍጹም ትክክል ነው።

አሉታው፦ «ላይመጣ ይችላል» እና «ሊመጣ አይችልም»

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ስህተቱ ሰው የሚያስቀይምበት ቦታ ነው። አማርኛችን ሁለቱን እጅግ በጠራ መንገድ ይለያቸዋል። «ላይመጣ ይችላል» ስንል የተካደው መምጣቱ ነው፤ መቅረቱም ያለ ነገር ነው። «ሊመጣ አይችልም» ስንል የተካደው መቻሉ ነው፤ በሩ ተዘግቷል።

እንግሊዝኛም ያንኑ ይለያል፤ የሚለየው ግን ቃሉን በመቀየር ነው። «ላይመጣ ይችላል» «ሂ ማይት ኖት ካም» ይሆናል። «ሊመጣ አይችልም» «ሂ ካንት ካም» ይሆናል። አሁን ግራ የሚያጋባው «ኩድ» ነው። ሳይካድ ከ«ማይት» ጋር መንትያ ይመስላል፤ ሲካድ ግን ወገኑን ለውጦ ከ«ካንት» ጋር ይሰለፋል። «ኢት ኩድ ቢ ትሩ» እውነት ሊሆን ይችላል ነው። «ኢት ኩድንት ቢ ትሩ» ግን እውነት ላይሆን ይችላል አይደለም፤ በጭራሽ እውነት ሊሆን አይችልም ነው። ስለዚህ «ላይ…ይችላል» ባላችሁ ቁጥር «ኩድ»ን ተዉት፤ «ማይት ኖት» ብቻ።

አንዲት ተማሪዬ ለሥራ ፈተና ተጠርታ መንገዱ ላያደርሳት እንደሚችል ለመግለጽ «አይ ካንት ካም» ብላ መልእክት ላከች። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። «አይ ማይት ኖት ቢ ኤብል ቱ ካም» ብትል ምናልባት ደውለው ይጠይቋት ነበር።

ጆሮም እዚህ ይሳሳታል። በፍጥነት ሲነገር «ካን» ይሟሽሽና «ከን» ይሆናል። «ካንት» ግን አናባቢው አይሟሽሽም፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ት» ነው ብዙ ጊዜ የሚዋጠው። ስለዚህ «ት»ን አትጠብቁ፤ አናባቢውን ስሙ። «ሂ ከን ካም» ካለ ይችላል፤ «ካን» የሚለውን ረግጦ ከጎተተው ምናልባት እየከለከለ ነው። እናንተም ስትናገሩ አዎንታውን ቀለል፣ አሉታውን ጠንከር አድርጉት።

«ሳይዘንብ አይቀርም»፦ ትልቁ ወጥመድ

የአማርኛ ውበት የምለው ይህ ነው። ሁለት አሉታ አንድ ላይ ታስረው ከአዎንታ የጠነከረ ግምት ይሰጣሉ። «ቤት ሳይኖሩ አይቀሩም»፤ መብራቱ በርቷል፣ የቡናው ሽታ በር ላይ ደርሷል። ይህን ቃል በቃል ለመተርጎም የሞከረ ሰው አሉታዎቹን እየቆጠረ ከመሃል መንገድ ይቀራል። መጀመሪያ ጥያቄ ጠይቁ፤ የምገምተው ስለ አሁን ነው፣ ስላለፈው ነው፣ ወይስ ስለሚመጣው?

ስለ አሁን ከሆነ «መስት»። «ዜይ መስት ቢ አት ሆም።»

ስላለፈው ከሆነ «መስት ሃቭ»። «ረስቶት ሳይሆን አይቀርም» «ሂ መስት ሃቭ ፎርጎተን ኢት» ነው።

ስለሚመጣው ከሆነ ግን «መስት»ን አትንኩ። «ሳይዘንብ አይቀርም»ን «ኢት መስት ሬይን» ብትሉ የግድ መዝነብ አለበት ያላችሁ ያህል ይሰማል፤ ሰማዩን እያዘዛችሁት ነው። ስለ ነገ «ኢት ዊል ፕሮባብሊ ሬይን» በሉ። ቀላል ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። መርሐ ግብር ያለው ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ አውቶብስ፣ «ሹድ»ም ያገለግላል። «ዘ ባስ ሹድ ቢ ሂር ባይ ቱ»፤ እንደ ደንቡ እስከዚያ መድረስ ይኖርበታል። ከመናኸሪያ ጋር ኑሮ ያላችሁ ሰዎች ይህ «ሹድ» የያዘውን ተስፋና ጥርጣሬ ለመረዳት አትቸገሩም።

«አለበት»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። «መምጣት አለበት» ግዴታ ነው፤ «ሂ መስት ካም»። «መጥቶ መሆን አለበት» ግምት ነው፤ «ሂ መስት ሃቭ ካም»። ልዩነቱ አማርኛው ላይ ስለሚታይ እዚያው ያዙት።

የ«መስት» ግምት ተቃራኒ ምንድን ነው? «መስት ኖት» የሚል መልስ ከመጣላችሁ ቆም በሉ። «መስት ኖት» ክልከላ ነው፤ እንዳታደርግ ማለት ነው። የጠነከረ አሉታዊ ግምት የሚሰጠው «ካንት» ነው። መብራቱ ጠፍቷል፣ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ «ዜይ ካንት ቢ አት ሆም»። «ዜይ መስት ኖት ቢ አት ሆም» ያላችሁ እንደሆነ ሰሚው ቤታቸው እንዳይገቡ ተከልክለዋል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። አሜሪካውያን አንዳንዴ «መስት ኖት»ን ለግምት ይጠቀሙበታል፤ በጆሯችሁ ስትሰሙት አትገረሙ። ለጀማሪ ግን «ካንት» አያሳፍርም።

ስላለፈው፦ «ደርሶ ይሆናል»

አማርኛ «ይደርስ ይሆናል» እና «ደርሶ ይሆናል» ብሎ መጪውንና ያለፈውን በግሱ መልክ ይለያል። የመጀመሪያው «ሂ ማይት አራይቭ» ነው። ሁለተኛው «ሂ ማይት ሃቭ አራይቭድ»። አሠራሩ ሞዳል፣ ቀጥሎ «ሃቭ»፣ ቀጥሎ ሦስተኛው የግስ ቅርጽ ነው፤ ያ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ብላችሁ በዜማ የሸመደዳችሁት ዝርዝር ዛሬ ዋጋውን ያገኛል። እሷ ብትሆንም «ሃዝ» አይባልም፤ ሁልጊዜ «ሃቭ»።

በንግግር ላይ «ሃቭ» ስለሚዋጥ «ማይት ሃቭ» «ማይተቭ»፣ «ኩድ ሃቭ» «ኩደቭ»፣ «መስት ሃቭ» «መስተቭ» ሆነው ይሰማሉ። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እንኳ በጆሯቸው ተታለው «ኩድ ኦፍ» ብለው ይጽፋሉ። ስህተት ነው፤ እናንተ «ሃቭ» ብላችሁ ጻፉ፣ በዚህ እንኳ እንብለጣቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ኩድ ሃቭ» ሁለት አማርኛ አለው። «ደርሶ ሊሆን ይችላል» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ደርሶ ይሁን አይሁን አናውቅም። ወይም ደግሞ «ሊደርስ ይችል ነበር»፤ ነገር ግን አልደረሰም። ልጅ ከደረጃ ላይ ሲዘል ያየች እናት «ወድቀህ ነበር እኮ!» ትላለች፤ ልጁ ግን አልወደቀም። እንግሊዝኛው «ዩ ኩድ ሃቭ ፎለን!» ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ዙሪያው ነው። አማርኛችሁ ውስጥ «ነበር» ካለና ነገሩ ካልተፈጸመ ሁለተኛው ነው።

አሉታው ከላይ ያየነውን መንገድ ይከተላል። «መልእክቱ አልደረሰው ይሆናል» «ሂ ማይት ኖት ሃቭ ጎት ዘ ሜሴጅ»። «ሊደርሰው አይችልም፣ ስልኩ ከእኔ ጋር ነበር» «ሂ ካንት ሃቭ ጎት ዘ ሜሴጅ»።

ስትጠይቁ

«ሊዘንብ ይሆን?» ለማለት «ሜይ ኢት ሬይን?» አትበሉ። በጥያቄ ፋንታ ዱዓ ይሆንባችኋል። እንግሊዝኛ ፈቃድ ለመጠየቅ ካልሆነ በቀር «ሜይ»ን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ሲያስቀምጥ ይመርቃል፤ «ሜይ ጎድ ብለስ ዩ» እንዲሉ። ምርቃት በሚታወቅበት በእኛ አገር ይህን ለማስረዳት አልደክምም፤ «ሜይ ኢት ሬይን!» ስል ክፍሉ በሙሉ «አሚን!» ይለኛል። ጥያቄ ሲሆን ግን እንዲህ ነው፤ «ዱ ዩ ቲንክ ኢት ማይት ሬይን?»

«ይሆን» የሚለው መገረም ያለበት ጥያቄ ደግሞ «ኩድ»ን ይወዳል። በር ሲንኳኳ «ማን ይሆን?» «ሁ ኩድ ኢት ቢ?» ነው። «የት ሄዶ ይሆን?» «ዌር ኩድ ሂ ሃቭ ጎን?» ነው። እነዚህን ሁለቱን እንዳሉ ያዙ።

አጭር መልስ ላይ አማርኛ ያሞላቅቀናል፤ ለሁሉም «ይሆናል» ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛው የጥያቄውን ጅራት ይፈልጋል። «ዊል ሂ ካም?» ከተባላችሁ «ሂ ማይት»። «ኢዝ ሂ አት ሆም?» ከተባላችሁ «ሂ ማይት ቢ»። «ዲድ ሂ ካም?» ከተባላችሁ «ሂ ማይት ሃቭ»። እዚህ ደረጃ የደረሰ ተማሪ ንግግሩ ወዲያው ይለወጣል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እነዚህን ሦስት አጫጭር መልሶች የያዘ ሰው ሌላውንም ደፍሮ ይናገራል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች

«ሜይቢ» ተያይዞ ሲጻፍ «ምናልባት» ነው፤ ዓረፍተ ነገር ይከፍታል፤ «ሜይቢ ሂ ኢዝ ሲክ»። ተለያይቶ «ሜይ ቢ» ሲጻፍ ሞዳልና ግስ ነው፤ መካከል ላይ ይገባል፤ «ሂ ሜይ ቢ ሲክ»። አማርኛ «ምናልባት ሊመጣ ይችላል» ብሎ ሁለቱን ቢደራርብ ያምርበታል። እንግሊዝኛ ላይ አንዱ ይበቃል።

ሁለተኛው «ኢንሻአላህ» እና «እግዚአብሔር ካለ» ነው። እዚህ አገር ስለ ነገ ሲወራ ያለ እነርሱ አፍ አይከፈትም፤ እኔም አልከፍትም። ግን እነዚህን በ«ማይት» አትተርጉሟቸው። «ኢንሻአላህ ነገ እመጣለሁ» ያለ ሰው እየተጠራጠረ አይደለም፤ ቃሉን ሰጥቷል፣ ለፈጣሪም ድርሻውን ትቷል። «አይ ማይት ካም ቱሞሮው» ካላችሁ ግን ቃል አልሰጣችሁም። ቃል የሰጣችሁ ከሆነ «አይ ዊል ካም፣ ኢንሻአላህ» በሉ፤ ሰሚው ባያውቀው ትርጉሙን ይጠይቃችኋል፣ ጨዋታም ይጀመራል። ለማምለጥ ያህል ብቻ ኢንሻአላህ የሚሉትማ «ማይት ኖት» ይበቃቸዋል።

መለማመጃ፦ ደሴ ኮምቦልቻ

ደብተር ይዞ መቀመጥ ለዚህ ትምህርት ብዙ አይረዳም፤ ግምት የሚፈልቀው የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። እኔ ተማሪዎቼን ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሲሄዱ በመስኮት እንዲለማመዱ አዛቸዋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ተነስቶ ወደ 1,800ዎቹ ይወርዳል። ጉም ውስጥ ገብታችሁ ፀሐይ ውስጥ ስለምትወጡ የምትገምቱት አይጠፋም።

ሚኒባሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስለሚመጣው ብቻ አውሩ። ጉሙ ይገለጥ ይሆናል፤ «ዘ ፎግ ማይት ክሊር»። በሰዓቱ ላንደርስ እንችላለን፤ «ዊ ማይት ኖት አራይቭ ኦን ታይም»። ቢያንስ አምስት አዎንታ፣ አምስት አሉታ። ከንፈር ማንቀሳቀስ ይበቃል፤ ጎረቤታችሁ ዚክር ወይም ጸሎት ላይ ናችሁ ብሎ ያከብራችኋል።

ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ስለ አሁን ግምት ስጡ፤ ለእያንዳንዱም ማስረጃችሁን ጨምሩ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ አይኑን ጨፍኗል፣ ያንኮራፋል፤ «ሂ መስት ቢ ስሊፒንግ»። ስልክ ላይ እየሳቀች ነው፤ «ሺ ካንት ቢ አንግሪ»። ማስረጃ ካጣችሁለት ወደ «ማይት» ውረዱ፤ በባዶ «መስት» ማለት ሐሜት ነው።

መንገድ ዳር የጭነት መኪና ቆሞ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር ተደርጎለት ካያችሁ ወደ ኃላፊ ጊዜ ተሻገሩ። ተበላሽቶ ይሆናል፤ «ኢት ማይት ሃቭ ብሮክን ዳውን»። ሾፌሩ ዕቃ ፍለጋ ሄዶ ይሆናል፤ «ዘ ድራይቨር ማይት ሃቭ ጎን ቱ ፋይንድ ኤ ስፔር ፓርት»። ሾፌሩ በሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ካገኛችሁት ግን ያ ግምት ውድቅ ነው፤ «ሂ ካንት ሃቭ ጎን»።

ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ቀትር ላይ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ የሚሄድ ሰው ፈልጉ፤ አታጡም። ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ሂ መስት ካም ፍሮም ዴሲ» ካላችሁ ወደ ሚኒባሱ ተመለሱ፤ የደሴ ተወላጅ መሆን አለበት አላችሁ እንጂ አሁን ከዚያ መምጣቱን አልገመታችሁም። «ሂ መስት ሃቭ ካም ፍሮም ዴሲ» ካላችሁ የራሳችሁን ጃኬት አውልቃችሁ ሻይ እዘዙ።